አምቡሊና የሕዋስ ትምህርት

የአንድ አገር የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሕንፃው መሠረት የተጣለበት ቀን፣ የመጀመሪያው ዲግሪ የታደለበት በዓልና የመሥራቾቹ ስም ነው። ይህ ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ትምህርቱን የጠራው ችግር ምን እንደ ነበረ አብሮ ካልተነገረ ታሪኩ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ነርቭና ባዮሜዲካል ሳይንስ ስለሚባለው የሕክምና መሠረት በአገራችንና በጎረቤታችን በጂቡቲ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ታሪክ ለመናገር ስንነሣ፣ ከአዳራሽና ከመድረክ ሳይሆን ከአንድ ሰፈር እንጀምራለን። ሰፈሩም አምቡሊ ነው።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ያለባቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዓ.ም. የሚል ያለባቸው ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

፩. ስለ ቦታው

አምቡሊ የጂቡቲ ከተማ አንዱ ሰፈር ነው። ስሙን የሚጋራው ወንዝ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይኖራል፤ በላይኛው አገር ዝናብ በድንገት ሲጥል ግን ሞልቶ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደ ታየውም ቤት ያፈርሳል፣ ሰው ይወስዳል። ይሁን እንጂ ይኸው ወንዝ ለከተማዪቱ ባለውለታዋ ነው። ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1888 ገደማ ጂቡቲን በባሕሩ ዳር በቈረቈሩ ጊዜ፣ ከጨው ውሃ በቀር ሌላ በማይታይበት በዚያ ዳርቻ የሚጠጣ ውሃ የተገኘው ከአምቡሊ ጕድጓዶች ነበር። የቴምር ዛፎችና የአትክልት ቦታዎች የበቀሉትም በዚያው ነው። ዛሬ ደግሞ የአገሪቱ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ ስም ይጠራልና፣ በአየር ወደ ጂቡቲ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ የሚያርፈው አምቡሊ ነው።

ለእኛም አገር ይህ ስፍራ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጂቡቲ መሠራት የተጀመረው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። በዚያ መሥመር ጨርቅና ብረት ብቻ ሳይሆን መጽሐፍና መምህርም ገብቷል፤ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሄደ ወጣትም በዚያው ወጥቷል።

አሁን ወደ ነገራችን እንምጣ። ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚሁ በአምቡሊ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠሩ የወባ ትንኞች ሆን ተብሎ ከማሳደጊያቸው ተለቀቁ። ትንኞቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ወንድ ትንኝ ደግሞ ሰውን አይነክስም። ኦክሲቴክ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዘረመላቸው ላይ አንድ ነገር ጨምሮባቸዋል፤ ከዱር ሴቶች ጋር ሲዳቀሉ ከሚወለዱት ልጆች ሴቶቹ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ ወንዶቹ ብቻ ያድጋሉ። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ሴቲቱ ናትና፣ የሐሳቡ ፍጻሜ የምትነክሰውን ወገን ማመናመን ነው። ሥራው የተፈጸመው በጂቡቲ መንግሥትና በአንድ የአገሩ ማኅበር ተባባሪነት ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያው፣ በመላው አፍሪካ ደግሞ በቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተደረገው ቀጥሎ ሁለተኛው ነበረ።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ለከተማዪቱ ውሃ የሰጠ ሰፈር ዛሬ ዓለም ካወቃቸው ጥበባት ሁሉ ረቂቅ ለሆነው ለአንዱ መፈተኛ ሆነ ማለት ነው። ይህን ጥበብ የሚረዳ፣ የሚመዝን፣ ቢያስፈልግም የሚቃወም ሰው ከየት ይገኛል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

፪. ሕዋስ እንዴት እንደ ታወቀ

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቡሽ ቍራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መነኰሳት ጎጆ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ መሆኑን ገለጠ፤ ሴል የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ ነው። እኛ ሕዋስ እንለዋለን። ቀጥሎም ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ ራሱ በሠራቸው መነጽሮች ከዐይን የተሰወሩ ሕያዋን ፍጥረታትን በውሃ ጠብታ ውስጥ አየ። ይሁን እንጂ ዕፀዋትም እንስሳትም ሁሉ ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸው እንደ አንድ ትምህርት የጸናው ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ፣ ጀርመናውያኑ ሽላይደንና ሽቫን እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 በጻፉት ነው። ሩዶልፍ ፊርኮ ደግሞ በ1850ዎቹ ዓመታት ሕዋስ ሁሉ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ፣ በሽታም በመጨረሻው የሕዋስ መታወክ እንደ ሆነ አስተማረ። ሕክምናና የሕዋስ ትምህርት ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአንድ ሰው ሥራ ለነገራችን በጣም ይረዳናል። ጣልያናዊው ካሚሎ ጎልጂ እ.ኤ.አ. በ1873 የነርቭን ሕዋስ በብር ንጥረ ነገር እያጠቈረ ከነቅርንጫፉ ለዐይን የሚያሳይ ዘዴ አገኘ። እስፓኛዊው ራሞን ኢ ካሐል ይህንኑ ዘዴ አሻሽሎ የአንጎል ሥራ የሚከናወነው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን በቻሉ የነርቭ ሕዋሳት መሆኑን አስረዳ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ያው ጎልጂ ወባንም መመርመሩን ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ የወባን ተሕዋሲ በሕመምተኛ ደም ውስጥ ካየ በኋላ፣ ጎልጂ የወባ ትኵሳት በየጊዜው የሚነሣው ተሕዋሲው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተራብቶ ሕዋሱን ሰብሮ በሚወጣበት ሰዓት መሆኑን አረጋገጠ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ሮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ አገር ተሕዋሲውን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው።

እንግዲህ የነርቭ ትምህርትና የወባ ትምህርት በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥር ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ይህ መገናኘት እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው ክፉው የወባ ዓይነት የያዛቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ደሙ እንደ ልብ መመላለስ ያቅተዋል፤ ሕመምተኛው፣ ይልቁንም ሕፃኑ፣ ራሱን ይስታል። በዚህ በአንዱ በሽታ ደሙ የሕዋስ ትምህርትን፣ አንጎሉ የነርቭ ትምህርትን፣ ፈውሱ ባዮሜዲካል ሳይንስን ይጠይቃል። ሦስቱ ትምህርቶች በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ ልዩ ልዩ ስም ይኑራቸው እንጂ በአንድ ሕፃን አልጋ አጠገብ አንድ ናቸው።

፫. በኢትዮጵያ የትምህርቱ አጀማመር

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተ ጊዜ ነው። ኮሌጁን በኃላፊነት የመሩት ካናዳዊው አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። የሳይንስ ትምህርትም ከዚያ ጀምሮ እያደገ ሄዶ፣ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ኮሌጆቹ በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ።

ነገር ግን ከላይ እንዳልነው፣ ትምህርቱን የጠራው ችግር የትና መቼ እንደ ነበረ ለማየት ወደ ጎንደር መውረድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከዚህ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የረዱት ይህ ኮሌጅ፣ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሐኪም በጣቱ በሚቈጠርበት ዘመን ይህ ብልህ አካሄድ ነበረ።

ሆኖም ኮሌጁ ከተከፈተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ወባ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል እንደ እሳት ተዛመተ። ወትሮ ወባ በማያውቀው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋማ አገር ሳይቀር ገባ። በኋላ በወጣው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታምሞ 150,000 ያህል ሞቷል። በሚቀጥለውም ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲ.ዲ.ቲ. የሚረጩ ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማሩ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሌላ ነገር ቀስ በቀስ ይበቅል ነበር፤ ይኸውም በሽታውን ከመከላከል አልፎ መመርመር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው የታወቀ ነው። እናቶቻችን ለዘመናት የተጠቀሙበትን ቅጠላ ቅጠል ሁሉም ያየው ነበር፤ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ግን አይቶ ምክንያቱን ለመጠየቅ የተማረ ዐይን አስፈለገ። ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የሥጋ ደዌን ተሕዋሲ ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በመጀመሪያ በኖርዌይና በስዊድን በጎ አድራጊዎች እጅ የነበረው ይህ ተቋም በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ሆኗል።

የነርቭም ትምህርት በዚህ አገር የራሱ የቤት ሥራ ነበረው። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ዝናብ በጠፋ ዘመን ድኻው ገበሬ ጓያ አብዝቶ በመብላቱ እግሩ ይተሳሰር ነበር። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በምርኵዝ ይሄዳል። ይህን በሽታ በየመንደሩ ዞረው ካጠኑት መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ የነርቭ ሐኪም ይገኙበታል። ስለ አንድ የነርቭ ሕዋስ የሚሰጥ ትምህርት ለደምቢያ ገበሬ ምን ይረዳዋል ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው።

፬. በጂቡቲ የከፍተኛ ትምህርት

ጂቡቲ ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው። ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ወጣት ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፈረንሳይ፣ መሄድ ነበረበት። ነጻነት ከተገኘ በኋላም ነገሩ ለብዙ ዓመት እንዲሁ ቈየ። ባሕር ተሻግሮ የሚማር ጥቂት ነው፤ ከተማሩትም መካከል የሚመለሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን ችግር እኛም በደንብ እናውቀዋለን።

እ.ኤ.አ. በ2000 የጂቡቲ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተከፈተ፤ በ2006 ራሱን የቻለ የጂቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2007 ደግሞ የሕክምና ትምህርት ተጀመረ። ከአንድ ሚሊዮን እምብዛም ያልዘለለ ሕዝብ ያለው አገር የራሱን ሐኪሞች በራሱ ምድር ለማስተማር መቁረጡ ትልቅ ነገር ነው። በፈረንሳውያን ሥርዓት ሊሳንስ የሚባለው የመጀመሪያ ዲግሪ 3 ዓመት ይወስዳል። በእኛ አገር ለብዙ ዓመታት 3 ዓመት ሆኖ ከቈየ በኋላ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተጨምሮበት ወደ 4 ዓመት ተመልሷል።

በየትም ቢሆን የትምህርቱ አካሄድ ተቀራራቢ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ሒሳብን ይማራል። ከዚያ የሕዋስን አሠራር፣ የዘር ውርስን፣ የጥቃቅን ተሕዋስያንን ነገር ይቀጥላል። በመጨረሻ የአካልን አሠራር፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን መንገድ፣ የጥገኛ ተሕዋስያንን ጠባይ ይመረምራል፤ አንድ አነስተኛ ጥናትም በራሱ እጅ ሠርቶ ያቀርባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞው የባዮሎጂ ክፍል ሥራው ሲሰፋ ተከፋፍሎ፣ ጥቃቅን ተሕዋስያንን፣ ሕዋስንና ሞለኪዩልን የሚያጠና ለብቻው የትምህርት ክፍል መቋቋሙ የዚህ ዕድገት ምልክት ነው።

፭. ከባሕር ማዶ የመጣችው ትንኝ

እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ አገር በመዝገብ የሰፈረው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። አገሪቱ ወባን ጨርሳ ልትሰናበት ቀርባለች የተባለው በዚያ ጊዜ ነው። በ2020 ግን ቍጥሩ ከ73,000 በላይ ሆነ። በስምንት ዓመት ውስጥ ምን መጣ?

የመጣችው ስቴፈንሲ የተባለች የትንኝ ዓይነት ናት። የጥንት አገሯ ሕንድና በዙሪያው ያለው ምድር፣ የዐረብም ልሳነ ምድር ጭምር ነው። የእኛ የወባ ትንኝ ረግረግና ኵሬ ትወዳለች፤ ይህች ግን የከተማ ናት። በውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር፣ በበርሜል፣ ሕንፃ በሚሠራበት ስፍራ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ብዙዎቹን የመርጫ መድኃኒቶችም ትቋቋማለች። ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር እያንዳንዱ ቤት ውሃ ያጠራቅማልና፣ ቤተ ሰቡ ለጥማቱ ያስቀመጠው በርሜል የጠላቱ መራቢያ ሆነ።

ትንኟ በጂቡቲ መገኘቷን የሚያስታውቀው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ፣ ምርመራውን ያካሄዱት በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የጂቡቲ ሰው ነበረ። ሁለት ዓመት ቈይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ያችው ትንኝ በአገራችን በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች። በዚህ ጊዜ ከመርማሪዎቹ መካከል የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረበት፤ ከአሜሪካ አገር ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በመልኳም በዘረመሏም ማንነቷን ለይተው አስታወቁ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ወትሮ በበጋ በማይታወቅ መጠን ወባ ተነሣ። ነገሩን የመረመሩት በአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ ጥናቱ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚኖሩትን ተማሪዎች ጭምር ያጠቃለለ ነበረ። የወረርሽኙ ምክንያት ይህችው ትንኝ መሆኗን ማስረጃቸው አመለከተ፤ ውጤቱም በዓለም የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

ክቡራን መምህራን፣ እነዚህን ሦስት ዘመናት አነጻጽሩ። በ2014 በአብዛኛው የሌላ ሰው ዐይን ማይክሮስኮፑን ያይ ነበር። በ2016 አጠገቡ የእኛ ዐይን ቆመ። በ2022 የእኛ ሰው ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ መርማሪ ሆነ። ይህ ለውጥ የመጣው በአንድ ቀን አይደለም። ትንኝን በዘረመሏ ለመለየት ከእግሯ ወይም ከክንፏ ጥቂት ወስዶ የዘር ጽሑፉን ማውጣት፣ ፒ.ሲ.አር. በሚባለው ዘዴ ማብዛት፣ ፊደሉን ማንበብና ከታወቁት ዓይነቶች ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ መሠረቱ የሚጣለው በመጀመሪያው ዲግሪ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ከዚያም በታች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህር የሕዋስን ሥዕል በጥቍር ሰሌዳ ላይ በሚሥልበት ሰዓት ነው።

በድሬዳዋው ምርመራ ውስጥ ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነበረ። በጤና ጣቢያ ጣትን በመውጋት የሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራ ተሕዋሲው የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ይፈልጋል። ይሁንና ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ያጡ የወባ ተሕዋስያን በአፍሪካ ቀንድ ታይተዋል። እንዲህ ያለው ተሕዋሲ በደሙ ያለ ሰው ሲመረመር ወባ የለብህም ሊባል ይችላል። የጤና ባለሙያው መመሪያውን በትክክል ፈጽሟል፤ ሕመምተኛው ግን ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምርመራው ለምን እንደሚስት የሚጠይቅና የሚመልስ ሰው የሕዋስን ትምህርት የተማረ መሆን አለበት።

፮. ትምህርቱ ቅንጦት ነውን?

በድኻ አገር የሕዋስና የነርቭ ጥናት ቅንጦት ነው፤ ገንዘቡ ለነርስና ለጤና መኰንን ማሠልጠኛ ቢውል ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። የጎንደር ኮሌጅ ያስተማረን በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሕዝብ መርዳት እንደሚቻል ነው። ደግሞም በየዩኒቨርሲቲው በባዮሎጂ ተመርቆ ቤተ ሙከራ በቅጡ ሳያይ የወጣ፣ ከወጣም በኋላ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወጣት መኖሩን የማናውቅ አይደለንም። ማይክሮስኮፕን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ምሩቅ ስለ ሕዋስ ያለው ዕውቀት በፈተና ቀን ይፈጸማል።

ነገር ግን ከላይ የተረከው ታሪክ የሚያሳየን፣ ጠላቱ መልኩን በለወጠ ጊዜ ሁሉ መመሪያ የሚፈጽም ሰው ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ነው። የሚረጨው ሠራተኛ መድኃኒቱን ይረጫል፤ ትንኟ መድኃኒቱን መልመዷን ግን አያውቅም። ነርሷ ምርመራውን ታደርጋለች፤ ተሕዋሲው ከምርመራው ማምለጡን ግን መሣሪያዋ አይነግራትም። ሁለቱም የሚታመኑት ከበስተ ኋላቸው ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ የነርስ ትምህርትና የሕዋስ ትምህርት የሚፎካከሩ አይደሉም። ችግሩ የሕዋስ ትምህርት መሰጠቱ ሳይሆን ያለ ቤተ ሙከራ መሰጠቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ መመዝገቡን ያየ ሰው፣ ይህን ትምህርት ቅንጦት ብሎ ለመጥራት አፉን አይሞላም።

፯. የአምቡሊው ጥያቄና የመምህሩ ድርሻ

አሁን ወደ አምቡሊ እንመለስና በዚያ የተለቀቁትን ትንኞች ነገር እንመርምር። አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የገባው ዘረመል ወደ ሰው ይተላለፋልን? ከስንት ትውልድ በኋላ ከትንኞቹ መካከል ይጠፋል? በእርግጥ ትንኟ ተመናመነች ወይስ በሌላ ምክንያት ቀነሰች? ትንኟ ብትቀንስስ ወባው ቀነሰ ለማለት ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ ይገባል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ መልሱ ግን ማስታወቂያ ከሚናገር ሰው ሳይሆን፣ ቈጥሮና መዝኖ ከሚያስረዳ ሰው መገኘት አለበት። ለምሳሌ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብንወስድ፣ የተለቀቁት ወንዶች የማይነክሱ መሆናቸውን፣ የዘር ውርስም ከወላጅ ወደ ልጅ እንጂ ከነፍሳት ወደ ነከሱት ሰው የማይሄድ መሆኑን ጥሩ ትምህርት ያገኘ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ለእናቱ ሊያስረዳት ይችላል። ካልተማረ ግን እናትና ልጅ በአንድነት ለወሬ ይጋለጣሉ።

በሌላም አገር የሆነውን እንይ። በቡርኪና ፋሶ ለዓመታት ሲካሄድ የቈየው የትንኝ ምርምር እ.ኤ.አ. በ2025 ነሐሴ ወር በአገሩ መንግሥት ትእዛዝ እንዲቆም ተደርጓል። ትእዛዙ ተገቢ ነው ወይም አይደለም ለማለት አይደለም ይህን ማንሣታችን። አንድ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ነገር ሲቀበልም ሲከለክልም፣ በዕውቀት ቢያደርገው ውሳኔው የራሱ ይሆናል፤ ያለ ዕውቀት ቢያደርገው ግን ተቀበለም ከለከለም በሌላ ሰው አስተያየት ማደሩ አይቀርም። ነጻነት በሰንደቅ ዓላማ ብቻ አይፈጸምም ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ወደ መምህሩ ይመጣል። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ባይኖር፣ የሽንኵርት ልጣጭና አንድ ማጉያ መስተዋት ይኖራል። ቤተ ሙከራ ባይኖር፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለ የውሃ በርሜል ይኖራል፤ በውስጡም የሚዋኙት የትንኝ እጮች አሉ። ተማሪዎቹ እጮቹን ይቍጠሩ፤ በርሜሉ ከተከደነ በኋላ ደግመው ይቍጠሩ፤ ልዩነቱን ይጻፉ። አክሊሉ ለማ ያዩትን ቀንድ አውጣ ያሳያቸው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ ጠያቂ ዐይን ነበር። መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ዐይኑ ካልተገራ ግን መሣሪያው ቢመጣም በሣጥኑ እንዳለ ይቀመጣል።

የትምህርት ሹማምንትም የራሳቸው ዕዳ አለባቸው። በዕቅድ ላይ የተጻፈው የተግባር ሰዓት በእውነት መፈጸሙን፣ የተገዛው ማይክሮስኮፕ ከቍልፍ ወጥቶ ተማሪ ዘንድ መድረሱን፣ ለቤተ ሙከራ የተመደበው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ አለመዋሉን መከታተል የእነርሱ ሥራ ነው። የሕዋስን ሥዕል በቃሉ የደገመውን ሳይሆን ከሕዋሱ ጋር የተያያዘውን ችግር ለይቶ ያስረዳውን ተማሪ የሚሸልም ፈተና ማዘጋጀትም ከእነርሱ ይጠበቃል።

አምቡሊ ከአዲስ አበባ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትንኟ በጂቡቲ በታየች በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀብሪ ደሃርና ድሬዳዋ ደርሳለች፤ ድንበር የሚባል ነገር አላገዳትም። ዕውቀትም እንደ እርስዋ ድንበር ሳያግደው ከጂቡቲ ዩኒቨርሲቲ ወደ ጅግጅጋ፣ ከጎንደር ወደ ጂቡቲ መመላለስ ይኖርበታል። ወባ በሁለቱ አገሮች መካከል አንድ በሽታ ሆኗልና፣ መምህራኑም በአንድ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ባልደረቦች መሆናቸውን ሊያውቁ ይገባል። ነገ በአምቡሊም ሆነ በደምቢያ አዲስ ነገር በተሞከረ ጊዜ፣ ከነዋሪዎቹ መካከል ተነሥቶ፣ ይህ ነገር እንዲህ ነው፤ ይህን መርምሬ አውቄዋለሁ፤ ይህ ግን ገና አልተረጋገጠም ብሎ በሕዝቡ ቋንቋ የሚናገር ሰው እንዲገኝ የምናዘጋጀው ዛሬ በክፍላችን ከተቀመጡት ልጆች መካከል ነው።